ካደ፣ ከዳ፣ አሳልፎ ሰጠ፦ ለይሁዳ የቱ፣ ለጴጥሮስስ የቱ?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሕማማት ሳምንት እዚህ ጅማ ለወጣቶች የሚታደል ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ እያሰናዳን ነው። ነገሩ ክህደት፣ መናቅና በፈተና መጽናት ላይ ያተኩራል። ረቂቁ ላይ «ይሁዳ ጌታውን ካደ፤ ጴጥሮስም ከዳው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። አንዱ አራሚ ቃላቱ ተገለባብጠዋል ይላል፣ ሌላዋ ሁለቱም ያው ናቸው ትላለች። «ፈተና» እና «መከራ»ስ ይለያያሉ? ብታርሙን ደስ ይለናል።

ሂርማታ፦
አራሚው ልክ ነው። ካደ ማለት የሚያውቁትን «አላውቅም»፣ የወሰዱትን «አልወሰድኩም» ማለት ነው፤ በአፍ ይፈጸማል። ከዳ ግን ያመነን ሰው በተግባር ጥሎ መሄድ ወይም ከጠላቱ ጋር መቆም ነው። በገበያችን ቋንቋ ላስረዳ። ቀብድ የተቀበለ ቡና ሰብሳቢ «አምስት ሳንቲም አልሰጡኝም» ካለ ገንዘቡን ካደ። ቀብዱን ሳይክድ ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) በሌሊት ለሌላ ነጋዴ ካራገፈ ግን ከዳ። «ጉልበቴ ከዳኝ» እንላለን፤ «ጉልበቴ ካደኝ» ያለ ሰው የለም፣ ጉልበት አፍ የለውማ።

ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ «ሰውየውን አላውቀውም» ብሎ ማለ (ማቴ. 26፥72)። ያ ካደ ነው፣ ሌላ ቃል አይሻም።

ቀለም፦
ወንድማችን ሂርማታ በደንብ አስቀምጦታል። እኔ የግሦቹን እርባታ ልጨምር፣ የማተሚያ ስሕተት የሚፈለፈለው እዚያ ነውና። የካደ ቤተሰብ፦ ይክዳል፣ ይካድ፣ ክዶ፣ መካድ፣ ከሃዲ። የከዳ ቤተሰብ፦ ይከዳል፣ ይክዳ፣ ከድቶ፣ መክዳት፣ ከዳተኛ። አደገኛው ቦታ «ይክዳ» ነው፤ «ል» ሲጨመርበት የካደ ነው፣ ያለ «ል» ሲቆም ግን የከዳ ትእዛዝ ይሆናል። ስለዚህ «ራሱን ይካድ መስቀሉንም ተሸክሞ ይከተለኝ» (ማቴ. 16፥24) የሚለውን «ራሱን ይክዳ» ብላችሁ ካተማችሁ፣ ደቀ መዝሙሩን ራስህን አታለህ ጥለህ ሂድ እያላችሁት ነው። ረቂቁን ስታርሙ «ይክዳ» ያለበትን ሁሉ አውጥታችሁ አንድ በአንድ እዩት።

መለያ መንገድ ከፈለጋችሁ ቃሉን በአሉታ አንደኛ መደብ አዙሩት፦ «አልክድህም» ከካደ፣ «አልከዳህም» ከከዳ። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የጴጥሮስ መሐላ «ከቶ አልክድህም» ነው (ማቴ. 26፥35)። የግእዙ ሥር ክሕደ ነው። ሐ በአማርኛ ስትወድቅ «ካ» ረዘመች፤ በ«ክሕደት» እና በ«ከሃዲ» ግን ፊደሏ እስከ ዛሬ አለች። ችግሩ «ክህደት» በዕለት ንግግር ለሁለቱም ማገልገሉ ነው፤ «የጓደኛ ክህደት» ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው መክዳትን ነው። ርእሳችሁ ላይ «ክህደት» ቢቀር አይከፋም፣ ግሡ ግን ይለይ።

ጂረን፦
ለይሁዳ «ከዳ» ስሕተት አይደለም፤ ወንጌል የሚለው ግን «አሳልፎ ሰጠ» ነው፣ እኔ ብሆን እሱን አልለቅም። ግእዙም «ዘያገብኦ» (አሳልፎ የሚሰጠው) ነው የሚለው። ቃሉ ስድብ ሳይሆን አሠራርን የሚገልጽ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ። ተከታተሉት፦ ይሁዳ በ30 ብር ለካህናት አለቆች አሳልፎ ሰጠ፣ እነርሱ ለጲላጦስ አሳልፈው ሰጡት፣ ጲላጦስ ደግሞ ሊሰቀል አሳልፎ ሰጠው። ከዚያ ሮሜ 8፥32ን ክፈቱ፦ እግዚአብሔር ልጁን «ስለ ሁላችን አሳልፎ የሰጠው» ይላል፣ በዚያው ግሥ! ሁሉንም በ«ከዳ» ብትተኩት ይህ ክር ይበጠሳል። እዚህ ጅማ በኦሮምኛም «ደበርሴ ኬኑ» ነው፣ ቃል በቃል አሳልፎ መስጠት፤ ወጣቶቻችሁ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚሰሙ በቀላሉ ይገባቸዋል።

30 ብሩንም አትለፉት። በዘጸአት 21፥32 በሬ ወግቶ ለገደለው ባሪያ ለጌታው የሚከፈለው ካሳ ያው 30 ሰቅል (የጥንት የብር መመዘኛ) ነው። ዮሴፍ የተሸጠው በ20 ነበር።

ሂርማታ፦
መናቅን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። የመዝሙረ ዳዊቱ «ግንበኞች የናቁት ድንጋይ» በግእዝ «እብን ዘመነንዋ ነደቅት» ነው። በአማርኛ «መነነ» ሲባል ዓለምን ትቶ ገዳም የገባ ነው የሚታየን፤ እዚህ ግን መርጦ መጣል፣ አይሆንም ብሎ ማግለል ነው። ግንበኛ ድንጋይ የሚጥለው ስለጠላው ሳይሆን ለግንቡ አይገጥምም ብሎ ስለፈረደ ነው። ቁጥሩንም አስተውሉ፤ በ1954ቱ 118፥22፣ በግእዙ ዳዊት 117 ነው። ሁለቱን የሚጠቀም አንባቢ ቢኖር ሁለቱንም ጻፉ።

ቀለም፦
ወደ ፈተናና መከራ። ዛሬ ለያይተናቸዋል፤ ፈተና መመዘን ነው፣ መከራ ስቃይ። በግእዝ ግን «መከራ» ራሱ ፈተና ማለት ነበር፤ አብርሃምን እግዚአብሔር «አመከሮ» ይላል፣ ፈተነው ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት የቆመው በዚሁ ሥር ላይ ነው። 1ኛ ጴጥ. 4፥12ን ስታስተምሩ ይህ ይጠቅማል፤ እዚያ እንደ እሳት የተባለው መከራ የሚፈትን እንጂ የሚቀጣ ብቻ አይደለም።

ወጣቶች የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው፦ ዘፍጥረት 22፥1 «ፈተነው» እያለ፣ ያዕቆብ 1፥13 «ማንም ሲፈተን፦ በእግዚአብሔር እፈተናለሁ አይበል» የሚለው እንዴት ይታረቃል? አንዱ ግሥ ሁለት ሥራ ስለያዘ ነው፤ አንደኛው መመዘን፣ ሁለተኛው ወደ ክፉ መሳብ። ያዕቆብ የሚከለክለው ሁለተኛውን ነው፤ በቀጣዩ ቁጥር «ምኞት» ብሎ ምንጩን ራሱ ይጠራዋል። ግእዙ በአባታችን ሆይ ላይ «መንሱት» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ የአማርኛው «ፈተና» ግን ሁለቱንም ተሸክሟል። በጽሑፋችሁ «የሚመዝን ፈተና» እና «የሚያሰናክል ፈተና» ብላችሁ ብትለዩት ይበቃል።

ጠያቂ (ጅማ)፦
እግዜር ይስጥልን። «ይሁዳ አሳልፎ ሰጠው፤ ጴጥሮስ ካደው» ብለን አስተካክለናል። «እንጀራዬን የበላ ተረከዙን አነሣ» የሚለውስ (መዝ. 41፥9) ለወጣት እንዴት ይፈታ?

ጂረን፦
«የበላበትን ወጪት ሰባሪ» በሉት፣ ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ዳዊትን የከዳው መካሪው አኪጦፌል ነው የሚል ትርጓሜ አለ፤ እሱም እንደ ይሁዳ ታንቆ ሞቷል (2ኛ ሳሙ. 17፥23)።

ሂርማታ፦
አንዲት ነገር፣ ከመታተሙ በፊት። ማቴ. 27፥3 ይሁዳ «ተጸጸተ» ነው የሚለው። አንዳንድ ጽሑፍ ላይ «ንስሐ ገባ» ተብሎ አይቻለሁ፤ እንደዚያ አትጻፉ። እሱ ብሩን የመለሰው ለካህናቱ ነው፣ ወደ ጌታው ግን አልተመለሰም።