ሕንፃው ሲሰነጠቅ ዕዳው የማን ነው?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። "በባሕር ዳር የሚሠራ ሕንፃ በ10 ዓመት ውስጥ ከተሰነጠቀ ሙሉ ተጠያቂው ሥራ ተቋራጩ ነው።" ትስማማላችሁ? ስድብ የለም፤ የድርጅት ስም መጥራትም የለም።

የዓባይ ማዶው፦ ያለ ምንም ማቅማማት እስማማለሁ። ባለ ሁለት ፎቅ ቤቴ ሁለተኛ ክረምቱን ሳይጨርስ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሽቅብ የሚሄድ ስንጥቅ ወጣበት፤ ሳንቲም ያስገባል። የሠራውን ሰው ስደውልለት "መሬቱ ነው ጋሼ" ይለኛል። መሬቱን እኔ ፈጠርኩት እንዴ?

ሕግ ነክ፦ "መሬቱ ነው" ማለት አያድነውም ጋሼ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ጉዳቱ ከአሠራር ጉድለት ቢመጣም፣ ከአፈሩ ጠባይ ቢመጣም። ውሉ ላይ "ዋስትናው አንድ ዓመት ነው" ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው ግን ከተቋራጩ ክፍያ ላይ ያስቀረውን የመያዣ ገንዘብ ከለቀቀ በኋላ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል።

ፎርማን፦ ጋሼ፣ በትሕትና ልጠይቅዎ። ሲሚንቶውንና ፌሮውን ማን ገዛ?

የዓባይ ማዶው፦ እኔ። ውላችን የእጅ ዋጋ ብቻ ነበር። እና?

ፎርማን፦ እናማ! ስዕሉ ስታፋ፣ ማለትም ፌሮውን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት ብረት፣ በየ15 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ ባለቤቱ ሳይት መጥቶ "ምንድነው ይሄ ሁሉ ብረት፣ በየ25 አድርጉት" ይላል። ሲሚንቶ ሲወደድ ደግሞ የአሸዋውንና የጠጠሩን ሳጥን ክምር አድርጋችሁ ሙሉ ይባላል። የሶሌታ፣ የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ ሙሌት ቀን የሚሆነውን ልንገራችሁ። ደረቅ ያለ ኮንክሪት በባሬላ መወጣጫ ላይ ሲወጣ ወገብ ይቆርጣል፤ ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ለጓደኞቹ አዝኖ አንድ ጀሪካን ውኃ ይጨምራል። ባለቤቱም ደስ ይለዋል፣ ሥራው ይፈጥናላ። ከዚያ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ መጠጣት ያለበት ሶሌታ በሚያዝያ ፀሐይ ጠዋት አንዴ ተረጭቶ ይተዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔ ጥፋት የትኛው ነው?

ሕግ ነክ፦ እያየህ ዝም ማለትህ።

ፎርማን፦ ብናገር በማግስቱ ሌላ ፎርማን ይመጣል።

መሐንዲሷ፦ የፎርማኑ ጀሪካን እውነት ነው፤ ኮንክሪት ያደክማል። የጋሼ ስንጥቅ ግን ከዚያ የመጣ አይመስለኝም። ከመስኮት ጥግ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የመሠረት መንቀሳቀስን ነው። ጥቁር ዋልካ በጋ ይሸበሸባል፣ ክረምት ያብጣል፤ ቤቱ ከነመሠረቱ ይነሣል ይወርዳል። ይሄን ቀድሞ የሚያውቅ የአፈር ምርመራ ነው። አስመርምረው ነበር?

የዓባይ ማዶው፦ ጎረቤቴ ሲሠራ ያወጣውን ጉድጓድ አይተን ነው የጀመርነው።

መሐንዲሷ፦ የሕንፃ አዋጅ ለእንዲህ ያለ ፎቅ የተመዘገበ ባለሙያ የግድ ይላል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኛ የመሐንዲሶች ጉድ ያለው፦ ፈቃድ ይከራያል። ማህተሙ ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ባለ ማህተሙ ግን ሳይቱን በዓይኑ አላየውም። ለእኔ ቀዳሚው ተጠያቂ ፎርማኑም ባለቤቱም ሳይሆኑ ያላየውን የፈረመው ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ የከተማው የሕንፃ ሹምስ? ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለው እኮ። አጥር አንድ ክንድ ስትገፋ በማግስቱ ይደርሳሉ፤ ስታፋ ሲጎድል ግን የሚቆጥር የለም።

ሕግ ነክ፦ ልክ ነህ፤ ግን እሱን ከጨመርን አራት ተጠያቂ ሆነ፣ አራቱም እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። የ10 ዓመቱ ሕግ ጥቅሙ የሚያዝ አንድ ሰው መስጠቱ ነው። ተቋራጩ ይክፈልና መሐንዲሱን እሱ ይክሰስ።

ፎርማን፦ ተቋራጩ ማኅበር ነበር እንበል። በሁለት ዓመቱ ተበትኗል። ማንን ትይዛለህ?

ሕግ ነክ፦ ተቋራጭ ኢንሹራንስ ይግባ የምለው ለዚህ ነው። ለማንኛውም ጋሼ፣ የርክክብ ሰነድ አለዎት?

የዓባይ ማዶው፦ ምን ርክክብ? ቁልፍ ተቀበልኩ፣ በግ አረድን፣ ተመራረቅን።

ሕግ ነክ፦ በሉ ቁልፍ የተቀበሉበትን ቀን የሚያስታውሱ ምስክሮች ስም ይጻፉ፤ 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የእጅ ዋጋ ውሉ ያከራክራል፣ አልዋሽዎትም።

መሐንዲሷ፦ ስንጥቁን በሲሚንቶ እንዳያስደፍኑት። አግድም ጂፕሰም ያስለጥፉበት፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ ፎቶ ያንሡ። ጂፕሰሙ ከተሰበረ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።