ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ የተባለው በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ያለባችሁ፣ ድካሙን እንዴት ነው የምትችሉት?

ከጉልበቴ በታች ያለው ጡንቻ እየሳሳ፣ የእግሬ ጣቶች እየታጠፉ መጥተዋል። እሱን ለምጄዋለሁ። ድካሙን ግን አልቻልኩትም። ከሰዓት በኋላ ደረጃ ስወጣ የእግሬ ጫፍ ይንጠለጠልና ያደናቅፈኛል፤ ማታ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያቅተኛል። ቤተሰቦቼ «ተኝተህ አልነበር እንዴ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ስፖርትስ ይጎዳኛል?

መልስ፦
ወንድሜ፣ እኔም 1ኤ የሚባለው ዓይነት አለብኝ፤ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የፒኤምፒ22 ዘረመል ሲደገም የሚመጣው። ድካምህ ስንፍና አይደለም! በሽታው ረጃጅሞቹን ነርቮች አስቀድሞ ስለሚያጠቃ የእግር ጫፍን የሚያነሳው ጡንቻ ቶሎ ይዳከማል። ያኔ ዳሌና ጭን የእሱን ሥራ ደርበው፣ በየእርምጃው እግሩን ከፍ አድርገው ያነሱታል። ለቤተሰቦችህ ይህንኑ ንገራቸው። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳረፈኝ በልኬ የተሠራ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ነው። ማታ የሚተርፈኝ ጉልበት ጨምሯል።

ሌላ መልስ፦
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። መጠነኛ እንቅስቃሴ ይጠቅምሃል፤ መዋኘት ወይም ባለበት ቆሞ የሚነዳ የስፖርት ብስክሌት ጥሩ ነው። በማግስቱ ድክመቱ ከባሰብህ ግን አብዝተሃልና ቀንስ። ድካምን ሁሉ በነርቩ አታሳብብ፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ምርመራ ጠይቅ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ደግሞ እባክህ፣ ለየትኛውም ሐኪም በሽታህን አስቀድመህ ተናገር። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነርቭህን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ጠያቂው፦
የዳሌዬ ሕመም ከምን እንደመጣ አሁን ገባኝ። ለድጋፉ ልለካ ነው። እጅ ላይስ የሚረዳ ነገር አለ?