ፍላሼ አልከፍት አለ! ስለ ሮበርት ዊላን የምታውቁ ድረሱልኝ

ሚጥሚጣ (ጠያቂ)፦ ቶሎ በሉ እባካችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ፕረዘንቴሽን አለብኝ፣ ፍላሹን ስሰካው «ፎርማት ይደረግ?» ይለኛል። ሌላ ኮፒ የለኝም፣ አትሳደቡ። ርዕሱ ዊላን ነው፣ የእንግሊዙ የቆዳ ሐኪም። ትዝ የሚለኝ ሶሪያሲስን (ቆዳ ላይ ቅርፊት የሚያወጣውን በሽታ) ከሥጋ ደዌ የለየ እሱ መሆኑ ብቻ ነው።

ሻይ በዳቦ፦ ፎርማት እንዳታደርጊው! ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ እይው።

አንጋፋው፦ እኛ በደብተር ነበር የምንይዘው። ደብተር ቫይረስ አይገባውም። የዛሬ ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ ጣት በምታህል ዕቃ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፣ ከዚያ ድረሱልኝ።

ቅንድብ፦ እከክ ይዞት ይሆናል፣ ድኝ ቀቢው 😂 ቆይ ግን፣ ለጓደኛ በቴሌግራም ልከሽው አታውቂም?

ነጭ ጋዋን፦ እኅቴ፣ ለየ ያልሽውን አውጪው። ዊላን ሶሪያሲስን ጥሩ አድርጎ ገልጾታል፣ ግን አንዱን ዓይነት «ሌፕራ» ብሎ፣ በሥጋ ደዌ ስም ስለጠራው ግራ መጋባቱ ቀጠለ። ስሙን ያጠራው የቪየናው የቆዳ ሐኪም ሄብራ ነው፣ በ1841። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሚጥሚጣ፦ ሃንድአውታችን ላይ ግን እንደዛ ነው የሚለው!

ነጭ ጋዋን፦ ሃንድአውቱ ተሳስቷል። ይኸው ጻፊ፦ በ1757 ዮርክሸር ተወለደ፣ ቤተሰቡ ኩዌከሮች (አንድ የክርስትና ወገን) ናቸው። ኤደንብራ ተምሮ በ1780 ተመረቀ። ከ1783 ጀምሮ ለንደን፣ ኬሪ ስትሪት ባለው የድሆች ሕክምና ቤት ሠራ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ያኔ የቆዳ በሽታ ስም ዝብርቅርቁ የወጣ ነበር፣ አንዱ ሐኪም የሚለውን ሌላው አያውቀውም። እሱ መላምቱን ትቶ ቆዳው ላይ በዓይን የሚታየውን ያዘ፦ ቅርፊት ነው? መግል ይዟል? ውሃ ቋጥሯል? ነጠብጣብ ነው? እንዲህ እያለ በ8 ምድብ ከፈላቸው። በ1790 የለንደን የሕክምና ማኅበር ለዚሁ ሥራ ሜዳልያ ሸለመው። መጽሐፉ ከ1798 ጀምሮ ባለ ቀለም ሥዕል እየሆነ በክፍል በክፍል ወጣ፣ ግን 4ቱን ምድብ ብቻ እንደጨረሰ ታመመና በ1812 ማዴራ ደሴት ላይ ሞተ። የቀረውን በ1813 የጨረሰው ተማሪው ቶማስ ቤትማን ነው።

ባለ ሱቁ፦ ፎርማት እንዳታደርጊ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሪ።

ሻይ በዳቦ፦ እኔ ምን አልኩ?

ነጭ ጋዋን፦ ሥዕል ከፈለግሽ የቤትማንን የ1817 መጽሐፍ ፈልጊ። 8ቱን ምድብ ከነሥዕላቸው ካሳየሽ አስተማሪው ሌላ አይጠይቅሽም።

ቅንድብ፦ ሚጥሚጣ፣ ቴሌግራሙን አየሽው?

አንጋፋው፦ ተኝታለች።