ጠርዙ የሚጠቀለል የሕፃን ብርድ ልብስ

የእጅ ሥራ የምታውቁ እህቶችና ወንድሞች፣ ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እህቴ ሴት ልጅ ስለ ወለደች፣ ሕፃኗ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የምትታቀፍበትን ነጭ ብርድ ልብስ በሁለት የሹራብ መርፌ እየሠራሁላት ነው፤ የቀሩኝ 18 ቀናት ናቸው። የፊቱን ረድፍ «ቀጥታ»፣ የጀርባውን «ግልባጭ» በሚባለው የሹራብ አሠራር ሠርቼ ከመርፌው ሳወርደው ግን ግራና ቀኙ ወደ ኋላ፣ የላይና የታች ጠርዙ ደግሞ ወደ ፊት እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቀለለ። ክሩ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር መሆኑን ዘንግቼ ካውያ ባሳርፍበት፣ አንዱ ማዕዘን ተልፈስፍሶ እንደ ፌስታል አብለጨለጨ።

ሥራውን ሳልተረትር፣ በአራቱም ጎን ዐይን (የክር ቀለበት) በመርፌ አንሥቼ ፊቱንም ጀርባውንም በቀጥታ ብቻ የተሠራ 5 ሴንቲሜትር ያህል ጠርዝ ብጨምርበት ይረጋልን? ወይስ ዙሪያውን በኪሮሽ መክበብ ይሻላል? ጎኑ እንዳይሸበሸብ በየ4ቱ ረድፍ 3 ዐይን ለማንሣት አስቤያለሁ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ግን ስንት መጨመር እንዳለብኝ አላውቅም። የተበላሸውን ማዕዘን የሚያድን ዘዴ ካለም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የቀረኝ ክር ሁለት ድብልብል ብቻ ነው። ለራሴ የጀመርሁት ሹራብ ከአምና ጀምሮ አንድ እጅጌ እንደ ጎደለው ተቀምጧል፤ እርሱ ይቆይ።