የአፄ ቴዎድሮስ የድርሰት ውድድር፦ ረቂቁን አብረን እናቃናው

የትምህርት ክፍል ተጠሪ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? የማኅበራችን የድርሰት ውድድር ረቂቅ ይኸው። ተወዳዳሪዎቹ የደብረ ታቦርና የአካባቢው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ርዕሱ «አፄ ቴዎድሮስ ለኢትዮጵያ ያበረከቱት አስተዋፅኦ» ነው። ሽልማቱ ሚያዝያ 6 ይሰጣል፤ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ያለፉበት ቀን ነው። የሚጨመር የሚቀነስ ካለ እስከ እሑድ ጻፉልኝ።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር፦
ልፋትሽን አከብራለሁ ልጄ፤ ርዕሱ ግን ይቀየር። በዚህ ርዕስ መቶ ልጅ ቢጽፍ መቶውም አንድ ድርሰት ነው የሚያመጣው። አንድነት፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ፣ ሽጉጥ፣ አለቀ። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ውዳሴ ስንጠይቃቸው ውዳሴ ይሰጡናል። እኔ የምለው፣ ልጁ መጀመሪያ ሄዶ አንድ ነገር ይይ። ጋፋት እኮ አፍንጫችን ሥር ናት። መድፉን እዚያ ማን ቀጠቀጠው፣ ማን አቀለጠው? ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ መቅደላ ድረስ ወራት ሙሉ ሲጎተት የጎተተው ሰው ምን በላ? ልጁ እዚህ ላይ ማሰብ ይጀምራል።

የጎንደሯ አባል፦
በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ጨምሩልኝ። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘርፈዋል፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥለዋል። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፤ ቢሆንም ይህን ዘለን ካለፍነው ለልጆቹ የምንሰጣቸው ግማሽ ሰው ነው።

ምክትል ሊቀመንበር፦
እኔ ደግሞ ፈራሁ። ድርሰቶቹ የሚነበቡት በወላጆችና በአባቶች ፊት ነው። «ማኅበሩ ንጉሡን በልጆች አሰደበ» ብንባልስ?

ጡረተኛው የታሪክ መምህር፦
ስጋትህ ይገባኛል። ለዚህ ነው ማስረጃ በእጃቸው እንስጣቸው የምለው። የንጉሡን ታሪክ የጻፉት ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ሁለቱም በዘመኑ የነበሩ ናቸው። ዜና መዋዕል በግዕዝ ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ሁለቱም በአማርኛ ጻፉ፤ ልጆቻችን ያለ አስተርጓሚ ሊያነቧቸው ይችላሉ። ዘነብ ያወድሳሉ፣ ወልደ ማርያም ይወቅሳሉ። ከሁለቱም ጥቂት ገጽ አባዝተን እናድል። ልጁ የሚተቸው ከኪሱ አውጥቶ አይሆንም።

ለንደን ያለሁ አባል፦
ከሩቅ ሆኜ አንድ ሐሳብ ላዋጣ። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ሲወሰድ 7 ዓመቱ ነበር። እዚህ እንግሊዝ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። የአባቱ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ እሱ እዚሁ ቀረ። የ12ኛ ክፍል ልጅ ዕድሜ እኮ ነው! ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ስለ እሱ መጻፍ ለሚፈልግ ልጅ በሩ ይከፈትለት።

ገንዘብ ያዥ፦
ከእኔ ሁለት ነገር። ድርሰቱ ቤት ከተጻፈ ስልክ ነው የሚጽፍላቸው። ስለዚህ በአዳራሽ፣ በእጅ ይጻፍ፤ ዳኞች ጋ የሚደርሰውም በኮድ ይሁን። ሌላው፣ ከሽልማቱ ላይ ቀንሰን ለገጠር ልጆች የትራንስፖርትና የምሳ እንያዝ። ሳይመጡ ከቀሩ ውድድሩ የከተማ ልጆች ብቻ ይሆናል።

የትምህርት ክፍል ተጠሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄውን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፦

«ጋፋት ሄዳችሁ ካያችሁት ወይም ስለ አፄ ቴዎድሮስ ከአንድ አዛውንት ከሰማችሁት አንዱን ምረጡ። ከተሰጧችሁ ሁለት ጽሑፎች ጋር አስተያዩት። የትኛውን አመናችሁ? ለምን?»

የዓለማየሁ ጉዳይ በአማራጭነት ገብቷል። ጎንደር የተቃጠለችበት ገጽም ከሚታደሉት አንዱ ነው። ምክትል ሊቀመንበራችን፣ ከመድረኩ በፊት ወላጆችን የሚያነጋግሩልን እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ጋሼ፣ ገጾቹን እስከ ሐሙስ መርጠው ቢልኩልኝ ዓርብ አስባዛቸዋለሁ።