ዣን ዳርክ በፒኤስፒ፦ ዙሩ እያለቀብኝ ኦርሌዓንን እንዴት ልለፍ?

ዶሮ ማነቂያ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሌቭል ፋይቭ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፒኤስፒ ለተባለው የሶኒ የእጅ ጌም መሣሪያ የሠራውን «ዣን ዳርክ» የተሰኘ የስልት ጌም ከሰሞኑ መጫወት ጀምሬአለሁ። ጌሙ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ በ2007 የወጣ ሲሆን ለአውሮፓ ገበያ ጭራሽ አልቀረበም፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይም «ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ» ታድሶ ለዚሁ መሣሪያ በመምጣቱ የስልት ጌም ወዳጆች ዓይን ወደዚያ ዞረ። ፒያሳ ላይ ፒኤስፒ ይዘን እንሰባሰብ በነበረበት ዘመን ወሬያችን ሁሉ ስለ እግር ኳስና ስለ ድብድብ ጌሞች ስለነበር፣ ይህን ጌም ያነሣ ሰው አላስታውስም። በቅርቤ የምጠይቀው ስላጣሁ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እያንዳንዱ ውጊያ በተወሰነ የዙር ብዛት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ዙሩ ሲያልቅ ግቡ ካልተሳካ፣ ተዋጊዎቼ በሙሉ በሕይወት ቢኖሩም እንኳ እንደተሸነፍኩ ይቆጠራል። እኔ ከሌሎች የስልት ጌሞች የያዝኩት ልማድ ጠንካሮቹን ጠባብ መተላለፊያ ላይ አቁሞ ጠላት ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የፈረንሳይዋን ከተማ ኦርሌዓንን ነፃ ለማውጣት በሚደረገው ዘመቻ ላይ ግን ይህ አካሄድ ማንንም ሳያሳጣኝ ዙሩን ብቻ ይጨርስብኛል። ተዋጊዎቼ ደረጃቸው አንሶ ነው ወይስ አጨዋወቴን ልቀይር? ታሪኩስ እስከ መጨረሻው ድረስ ሊያዘልቀኝ የሚችል ነው?

ሰባራ ባቡር፦
ወንድሜ፣ እንኳን ወደዚህ ጌም መጡ። እኔ በፒኤስፒ ከተጫወትኳቸው የስልት ጌሞች ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው። ከደረጃው ይልቅ አጨዋወትዎን ቢቀይሩ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም የዙር ገደቡ እንዲሁ ለማክበድ የተጨመረ ነገር ሳይሆን፣ የጌሙ ሕጎች በሙሉ ወደፊት የሚገሰግስን ሠራዊት እንዲጠቅሙ ተደርገው ከመሠራታቸው ጋር የተያያዘ ነው።

በመጀመሪያ በርኒንግ ኦራ የሚባለውን ያስተውሉ። አንድ ተዋጊዎ ጠላትን ሲመታ፣ ከተመታው ጠላት ወዲያ ማዶ ባለው ቤት (የሜዳው ካሬ) ላይ ነበልባል ይታያል። ሌላው ተዋጊዎ በዚያው ዙር እዚያ ቤት ላይ ቆሞ ቢመታ የምቱ ኃይል ይጨምራል፤ የእርሱም ምት በተራው ሌላ ነበልባል ስለሚፈጥር ሰንሰለቱን መቀጠል ይቻላል። ታዲያ ሁሉም ከወገን በኩል ብቻ ቢመቱ ነበልባሉ ከጠላት ጀርባ፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ ላይ ይባክናል። ስለዚህ ርቆ መሄድ የሚችለውን ተዋጊ አስቀድመው ጠላትን እንዲዞርና ፊቱን ወደ ወገን መልሶ እንዲመታ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ነበልባሉ የሚያርፈው በእርስዎ ሰዎች በኩል ስለሚሆን የዘገዩትም ሁሉ ይጠቀሙበታል። ይህን አንድ ነገር ብቻ በመልመድ ብዙ ዙር ይተርፍዎታል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ዋናዋ ተዋጊ ዣን የምታጠልቀው አንባር ነው። አንባሩ ለጥቂት ዙሮች መልኳንና ጉልበቷን ይለውጠዋል፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለች አንድ ጠላት ከገደለች ጎድስፒድ በሚባለው ችሎታ ወዲያው እንደገና መንቀሳቀስና መምታት ትችላለች። ይህን ችሎታ ለመጠቀም ሌሎቹ ተዋጊዎች ጠላቶችን አድክመው ለሞት ማድረስ፣ የመጨረሻዋን ምት ግን ለእርሷ መተው አለባቸው። ሁለትና ሦስት የቆሰሉ ጠላቶች ተቀራርበው ሲቆሙ ዣን በአንድ ዙር አልፋቸው ትሄዳለች።

ጠላት ከመነካቱ በፊት ያሉት ዙሮችም ትልቅ ዋጋ አላቸው። በአገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲከፈት ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ወረራ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይቆያል፣ ጎበዝ ተጫዋችም ግማሹን ሥራ የሚሠራው በዚያ ሰዓት ነው። እዚህም የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አትጠብቅባቸው ብዬ ለእያንዳንዱ አዲስ ተጫዋች እመክራለሁ። ተዋጊዎችዎ ጎን ለጎን ሲቆሙ መከላከያቸው ስለሚጨምር ተያይዘው ወደፊት ይሂዱ፤ ፈጣኖቹን ለብቻቸው አይልቀቁ፣ የመጀመሪያው ምትም ከእርስዎ ወገን ይሁን።

እሪ በከንቱ፦
ሰባራ ባቡር ባሉት እስማማለሁ፤ ደረጃን በተመለከተ ግን ትንሽ እለያለሁ። በካርታው ላይ ቀድሞ ወደ ታለፉ አንዳንድ ቦታዎች ተመልሶ በነፃ መዋጋት ስለሚቻል፣ አንድ ሁለት ውጊያ እዚያ ማድረጉ ጌሙን አያበላሽም። የወደቁ ተዋጊዎችም ከውጊያው በኋላ ስለሚመለሱ ድፍረት የተሞላበትን አጨዋወት መለማመድ የሚቻለው እዚያው ነው። በዚያ የሚገኙት፣ ለተዋጊ ሲሰጡ ችሎታ የሚጨምሩለት የችሎታ ድንጋዮች ደግሞ ከደረጃው በላይ ይጠቅማሉ። የፀሐይ፣ የጨረቃና የኮከብ የተባሉ ሦስት ወገኖች አሉ፤ እያንዳንዱ አንዱን ይረታል፣ በሌላው ይረታል። ስለዚህ ወደ ውጊያ ከመግባትዎ በፊት ጠላት የየትኛው ወገን እንደሆነ አይተው ድንጋይ ይቀይሩ። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ያስገባውን ድንጋይ እስከ መጨረሻው ሳይነካው ይጫወታል፤ ይህ በእውነት የሚያሳዝን ነው፣ ድንጋዮችን በማዋሐድ አዲስ ችሎታ ማውጣት ራሱ ትልቅ ደስታ አለውና።

ታሪኩን በተመለከተ፣ መሠረቱ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተደረገው እውነተኛው የመቶ ዓመት ጦርነት ነው። ከዶንሬሚ መንደር የወጣችው ዣን በነበረችበት ጦር የኦርሌዓን ከበባ የተሰበረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1429፣ የፈረንሳዩ ሻርል 7ኛ ራንስ ላይ የነገሠው በዚያው ዓመት በሐምሌ ሲሆን፣ እርሷ ሩዋን ላይ በእሳት የተቃጠለችው በ1431 ነው። (በእኛ አገር የአፄ ይስሐቅ ዘመን ያበቃው በዚያው በ1429 መሆኑን ሳስብ ዘመኑ ይበልጥ ይቀርበኛል።) ጌሙ በዚህ ላይ አጋንንትን ይጨምርበታል፤ ሕፃኑን የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 6ኛን ጋኔን ይዞታል፣ ከዣን ጎን የተዋጋው ላ ኢር ደግሞ የአንበሳ ገጽ ያለው ተዋጊ ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ታሪክን የሚያቃልል ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ፈጠራው ወዳጅነትንና መሥዋዕትነትን ለማሳየት በጥንቃቄ እንደተሠራ አምናለሁ። መሃል ላይ የሚመጣው ለውጥ ታሪክን ለሚያውቅ ሰው ይበልጥ ስለሚከብድ አልነግርዎትም። በፍጹም አያቋርጡት።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ውጊያው ረጅም ስለሆነ፣ አራት ኪሎ ላይ የታክሲ ሰልፍ ሲደርስዎት ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ወዲያው ይልቀቁት፤ መሣሪያው ያንቀላፋና ከተዉበት ይቀጥላል። ይዘው ካቆዩት ግን ጨርሶ ስለሚጠፋ ውጊያውን ያጡታል።

ዶሮ ማነቂያ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድንጋዮቹን ቀይሬ፣ አንድ ተዋጊ ጠላትን ዞሮ ወደ ወገን እንዲመታ አድርጌ ስሞክረው ውጊያው ዙር እየተረፈኝ አለቀ፤ ነበልባሉ በእኔ ሰዎች በኩል ሲያርፍ የሁሉም ምት እንዴት እንደሚለወጥ አሁን በደንብ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አንባሩን ለአለቃው (ለዋናው ጠላት) ማቆየት ይሻላል ወይስ ቀድሞ መጠቀም?

ሰባራ ባቡር፦
አለቃው ብቻውን የቆመ ከሆነ አያቆዩት፤ እርሱን ገድላ የምታገኘው ተጨማሪ ተራ የምትመታው ሌላ ጠላት ከሌለ ምንም አይሠራም። ብዙ ጠላት በተሰበሰበበት መሃል ይጠቀሙበት፣ ለአለቃው በርኒንግ ኦራ ይበቃዋል። ወደፊት ሲሄዱ ሌሎችም አንባር የያዙ ተዋጊዎች ስለሚቀላቀሉዎት፣ ያን ጊዜ ማን መቼ እንደሚለወጥ እያፈራረቁ ይወስናሉ።