የሐር ጥልፍ አወጣጠርና ገበር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ለጥልፍ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ አንድ የጋራ ሐሳብ ለማቅረብ ተስማምተን ነበር። ጥልፉን እናውቅበታለን። ያስቸገረን ከጥልፉ በኋላ ያለው ነው፤ አወጣጠሩ፣ ገበሩ፣ ፍሬሙ።

ለምን እንደምወተውታችሁ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ በነጭ ሐር ላይ የጠለፍኩት አደይ አበባ ነበር። አምስት ወር ፈጀብኝ። ለአንድ ፍሬም ቤት ሰጠሁት፤ በማግስቱ ደርሶ ወሰድኩት። በሁለተኛው ክረምት ነጩ ሐር ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ከፍቼ ሳየው ሐሩ ካርቶን ላይ በኮላ ተለጥፏል። ላላቅቀው ስሞክር ጨርቁ ተቀደደ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ላይ እንቁም እላለሁ። በጥልፉ ላይ የምናደርገው ሁሉ ነገ ሊፈታ የሚችል ይሁን። ክር ይፈታል፤ ኮላ ግን አይፈታም። እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይጀምሩልን።

ነባር አባል፣ ከሽሮ ሜዳ

ልክ ብለሻል ልጄ። ለገበር የምመክረው አቡጀዲ ነው። ግን ሳይታጠብ እንዳትነኩት። ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች አለበት፣ ገና አልተሰበሰበም። በፈላ ውሃ ሁለቴ ይታጠብ፣ ማለስለሻ አይግባበት። ሳይታጠብ ከተወጠረ እርጥበት ባገኘው ቀን ይሰበሰባል፤ ሐሩንም አብሮ ያጨማድደዋል። ስታርቹ ደግሞ ተባይ ይጠራል።

በካውያ የሚለጠፈውን ቴላ፣ ያን ጨርቅ የሚያጠነክረውን ገበር ደግሞ ተዉት። ስፌት ቤት ያደግን ሰዎች እንወደዋለን፣ ለኮሌታ ማለፊያ ነው። ለሐር ጥልፍ ግን አይሆንም። ማጣበቂያው ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፣ ጨርቁ ላይ አረፋ ይሠራል።

አወጣጠሩ እንዲህ ነው። የሐሩን ድር ከአቡጀዲው ድር ጋር ግጠሙ። ከዚያ የአራቱን ጎን መሐል መሐል በስፒል ያዙ። ከመሐል ወደ ማዕዘን፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያላችሁ ሂዱ። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መጨረሻው ጠማማ ነው። ስፒሉ የማይዝግ ይሁን። ቀጥ ማለቱን ካያችሁ በኋላ ብቻ በቀጭን ክር ስፉት፣ ስፒሉንም ንቀሉ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን ገና ጥልፍ ሲጀመር በዙሪያው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ሐር መተው አለበት። ልጆቹ ሐር ውድ ነው እያሉ ጠርዙ ድረስ ይጠልፋሉ። ከዚያ የሚያዝ ነገር ይጠፋል።

ፍሬም ሠሪ አባል

እትዬ ያሉትን በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ ስለ ጀርባው ልጨምር።

ፍሬም ቤቶች ለጀርባ የምንጠቀመው በብዛት ኤምዲኤፍ፣ ችፑድ ወይም ተራ ካርቶን ነው። ሦስቱም ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ እያደሩ አሲድ ይለቃሉ። የጸሐፊያችንን ሐር ያበላሸው ይኸው አሲድ ከኮላው ጋር ተዳምሮ ይመስለኛል። ከአሲድ ነፃ የሆነ ካርቶን ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። ሲታዘዝ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ አሲድ እንዲያረክስ ተብሎ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። ያ ለወረቀት ጥሩ ነው። ሐር ግን እንደ ጸጉርና እንደ ሱፍ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ያልተጨመረበት ይመረጥለታል።

ርካሽ መንገድ አለ። ሠዓሊዎች ሸራ የሚወጥሩበትን ባዶ የእንጨት ፍሬም እንሥራ። እንጨቱን በአልሙኒየም ፎይል እንጠቅልለው፣ አሲዱ ወደ ጨርቁ እንዳያልፍ። በላዩ የታጠበውን አቡጀዲ እንደ ከበሮ እንወጥራለን። ስቴፕሉ የሚመታው አቡጀዲውን ብቻ ነው። ሐሩ አቡጀዲው ላይ በመርፌ ይሰፋል። አንድ ቀን ማውጣት ካስፈለገ ክሩን መቁረጥ ነው፣ አለቀ።

መስታወቱም ሐሩን መንካት የለበትም። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ መስታወቱ በውስጥ በኩል ጤዛ ይይዛል። ጥልፉ ከተጣበቀበት ይረጥባል፣ ይሻግታል፣ ክሩም ይደፈጠጣል። በመሐል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት እተዋለሁ።

ቻይና የሠለጠነች አባል

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልለይ። ሱዡ በምትባለው የቻይና ከተማ ሳለሁ ጥልፉ ከመወጠሪያው ሳይወርድ ከጀርባው በስስ ሙጫ ወረቀት ሲለበስ አይቻለሁ። ጃፓኖችም ከጀርባ ስስ ሙጫ ይቀባሉ። ሙጫው ከስንዴ ስታርች የሚፈላ ስለሆነ በውሃ ይለቃል። ረጃጅሙ የሐር ክር እንዳይላላ ይይዛል። ኮላ ብለን አንድ ላይ ባንኮንነው።

ነባር አባል፣ ከሽሮ ሜዳ

አልኮንነውም የኔ ልጅ። ግን ሐምሌና ነሐሴን አስቢ። የስንዴ ሙጫ በእርጥበት ይሻግታል። ቀዩ ክር ደግሞ ቀለም ይለቃል፤ ሙጫ ሲነካው ነጩ ላይ ይሄዳል። እኔ ከመተኮሴ በፊት እንኳ ከጀርባ የተረፈውን የክር ጫፍ በእርጥብ ነጭ ጥጥ ጫን አድርጌ አያለሁ። ጥጡ ከቀላ እንፋሎት አላስጠጋውም። ስትተኩሱም ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍታችሁ ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እንዲህ ብናስታርቀውስ? ሙጫ የጋራ ደንቡ ውስጥ አይገባም። መጠቀም የፈለገ አባል ግን አይከለከልም፤ ከጀርባው ይጻፈው። እንዲያውም እያንዳንዱ ሥራ ጀርባው ላይ ትንሽ ጨርቅ ይሰፋበት፦ ማን እንደጠለፈው፣ በየትኛው ዓመት፣ ገበሩ ምን እንደሆነ፣ ሙጫ እንዳለውና እንደሌለው። ከ30 ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ ያሉ ገዢዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ስለ መስታወት ነው። ሁለት ሥራ ተሰብሮ ደረሰኝ፤ የአንዱ ስባሪ ጥልፉን ቆርጦታል። በመስታወት ፋንታ ፕላስቲክ ይሁን ያሉም አሉ። ፕላስቲኩ ግን ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና የላላውን የሐር ክር ወደ ራሱ ይስባል። ያለ መስታወት ላኩልኝ። ፍሬሙ ክፍተቱ ተሠርቶለት ይምጣ፣ መስታወቱን እኔ እዚህ አስገባለታለሁ።

ከለንደን

ስለ ብርሃን ማንም አላነሳም። የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላን ቅርሶች ለዕይታ ሲያቀርብ ሄጄ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለው ቀሚስ እዚያ ነበር፣ በጥጥ ላይ በሐር ክር የተጠለፈ። ከተወሰደ 150 ዓመት ሆኖት ጥልፉ አሁንም ይታያል። ፊቱ ቆሜ ልቤ ተነካ፤ የኛ እጅ ነው፣ ግን ቤቱ አይደለም። ሙዚየሞች እንዲህ ላለ ጨርቅ ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ላይ ይገድባሉ። ብርሃን ሐር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይመለስም። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ለገዢው በመስኮት ትይዩ አትስቀለው የሚል ወረቀት አብሮ ይሰጠው።

ሒሳብ ያዥ

ሁሉንም ተቀብያለሁ። የሚያሳስበኝ ትንንሹ ሥራ ነው። መዳፍ ለምታክል ጥልፍ ይህን ሁሉ ካስከፈልን ገዢው ይሸሻል። ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነው ቀለል ያለ መንገድ ይኑር፤ ከአሲድ ነፃ የሆነውን ካርቶን አቡጀዲ አልብሰን፣ የሐሩን ጠርዝ ከጀርባ በክር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያሻገርን መሳብ። ያም ይፈታል። የአወጣጠሩ ዋጋም ከጥልፉ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ። አሁን ከጥልፉ ላይ ነው የምንቀንሰው፤ ያ ደግሞ የጠላፊዋ ድካም ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ጻፍኩት፣ አስተካክሉት።

«ማኅበሩ በስሙ የሚሸጠው ማንኛውም የሐር ጥልፍ በመርፌ ብቻ ይወጠራል። ኮላ፣ ፕላስተርና የሚለጠፍ ቴላ ሐሩን አይነካም። ገበሩ ሁለቴ የታጠበ አቡጀዲ ነው። እንጨት በፎይል ሳይጠቀለል ከጨርቅ ጋር አይገናኝም። መስታወት ካለ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖረዋል፤ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ያለ መስታወት ይሄዳል። ትንንሽ ሥራ በካርቶን ላይ በክር ይሳባል። የጀርባ ጽሑፍና ለገዢው የሚሰጥ ወረቀት ግዴታ ነው። የአወጣጠር ዋጋ ለብቻው ይታያል። ለዚህም አንድ ጣቃ አቡጀዲ፣ ፎይል፣ የማይዝግ ስፒልና ካርቶኑ ከማኅበሩ ካዝና ይገዛ።»

ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ እናድርግ። ፍሬም ሠሪያችን ሁለት ባዶ ፍሬም ይዞ ይመጣል። አቡጀዲውን እኔ አጥቤ አመጣለሁ። እትዬ፣ እርስዎ መርፌዎን ብቻ። እኔ ደግሞ ያቺን የተቀደደች አደይ አበባ አመጣታለሁ፤ የተረፈውን አቡጀዲ ላይ ሰፍተን እንሞክራት።